ማሾው ወደ ጠፈር የወጣበት ሐሙስ

ደብዳቤው አጭር ነበር። ሩዋይዳ አምስት ጊዜ አነበበችው፤ አምስቱንም ጊዜ ያው አጭር ሆኖ አገኘችው።

«ለተከበርሽ ሩዋይዳ ሙሳ። ከአባትሽ እርሻ የተመረጠው ማሾ ረቡዕ አመሻሽ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ጠፈር ጣቢያ ስለሚጓዝ፣ በትምህርት ቤታችን አዳራሽ ተገኝታችሁ በቀጥታ ስርጭት እንድታዩ ከአባትሽ ጋር ተጋብዘሻል። ስለ ኒካሁም እንኳን ደስ አለሽ። ያሕያ ሷሊሕ፣ የባዮሎጂ መምህር።»

«የባዮሎጂ መምህር!» አለች ለራሷ፣ በአባቷ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ላይ እንደተቀመጠች። ከዓመት በላይ «ዓይናማዬ» እያለ ሲጽፍላት የኖረ ሰው ዛሬ ማዕረጉን አስቀድሞ መጣ። ንዴትና እንባ አንድ ላይ ተናነቋት። ምነው በአካል መጥቶ በሰደበኝ አለች።

ያሕያ መጀመሪያ ወደዚህ መጋዘን የመጣው ማሾ ፍለጋ ነበር። ከተማሪዎቹ ጋር በአንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ውድድር ገብቶ ነበር። ከየአገሩ ትምህርት ቤቶች ዘር ይልካሉ፤ የተመረጠው ዘር ምድርን እየዞረች በምትኖረው የጠፈር ጣቢያ ውስጥ ይበቅላል፤ ክብደት በሌለበት አገር ሥር ወዴት እንደሚያድግ ይታያል። በሸዋ ሮቢት ማሾ የፈለገ ሰው ደግሞ የሐጂ ሙሳን በር ማንኳኳቱ አይቀርም። ዘሩን የምትለየው ሩዋይዳ ነበረች። ለገበያ የሚሆነውን ማንም ይለቅማል፤ ለዘር የሚሆነውን ለመለየት ግን ዓይን ያስፈልጋል። ሰፌዷን ጭኗ ላይ አድርጋ መቶ ሃያ ፍሬ አንድ በአንድ ስትመርጥለት ያሕያ ቆሞ ያያት ነበር።

«ይቺ ምን አደረገች?» አላት አንዷን ስትጥል።

«ጭረት አለባት። ውሃ ትጠጣለች እንጂ አትበቅልም።»

«እኔንስ እንዲህ ብታዪኝ?»

«አንተ ገና ከጆንያው አልወጣህም» አለችው፣ ቀና ሳትል። ቀና ያላለችው ፈገግታዋን እንዳያይባት ነበር። እሱ ግን አይቶት ኖሮ በሳምንቱ ሌላ ማሾ የሚያስፈልገው ሆኖ ተመለሰ።

ነገሩ እንዲህ እያለ ልብ ውስጥ ገባ። ሐጂ ሙሳ መምህሩን አይጠሉትም ነበር፤ ሻይ ያጠጡታል፣ ያስቁታል። ልጅ መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው። ከደብረ ሲና የመጣ የሸማኔ ልጅ፣ ከደመወዙ ሌላ ጥሪት የሌለው፣ የሐጂ ሙሳን ልጅ? ሰው ፊት ያሉት ባይኖርም ቤት ውስጥ ያሉትን ሩዋይዳ ሰምታለች።

ያም ሆኖ ያሕያ አላመነታም። «ሐሙስ ሽማግሎቼ ይመጣሉ» ብሎ ጻፈላት። ሐሙስ ከዙሁር ሶላት በኋላ ሽማግሎች መጡ። ሩዋይዳ ከጓዳ ሆና ድምፃቸውን እንጂ ፊታቸውን አላየችም። ሲሄዱ አባቷ ጠሯት፤ አክስቷ መሪያም አጠገባቸው ተቀምጣለች። ሐጂ ሙሳ ምንጣፉን ምንጣፉን እያዩ «ሽማግሌ መጥቶልሻል። ደግ ሰው ነው። ምን ትያለሽ?» አሏት።

የወንዱን ስም አልጠሩም። አባት በልጁ ፊት የፈላጊዋን ስም መጥራት ያሳፍረዋል። ልጅቱም ካልፈለገች ትናገራለች ወይ ታለቅሳለች፤ ከፈለገች ዝም ትላለች፣ ዝምታዋም እሺታዋ ነው። ሩዋይዳ አንገቷን ደፍታ፣ ልቧ ከደስታ ብዛት ሊፈነዳ እየደረሰ፣ ዝም አለች። «አልሐምዱሊላህ» አሉ አባቷ።

የመጡት ሽማግሎች ግን ሱፍዋን የሚባል የአጣዬ ባለሱቅ የላካቸው ነበሩ። የያሕያዎቹ ያን ቀን ከደብረ ሲና ቁልቁል ሲወርዱ የተገለበጠ ተሳቢ መንገዱን ዘግቶባቸው ኖሮ አርብ ከጁምዓ በኋላ ደረሱ። «ዘገያችሁ፤ ልጄ ለሌላ ሰው ፈቅዳለች» ተብለው ተመለሱ። ሩዋይዳም ያደረገችውን ያወቀችው ቅዳሜ ጠዋት አክስቷ «የሱፍዋን ሙሽራ» ብላ እየሳቀች ስታቅፋት ነበር።

ሱፍዋን ክፉ ሰው ቢሆን በቀለላት። አጣዬ ሲቃጠል ሱቁ አብሮ ነዶ፣ ሲመለስ የራሱን በር ሳያቆም የጎረቤቱን የባልቴት ቤት ጣሪያ ያለበሰ ሰው ነው። ለመናገር አፏን ስትከፍት አክስቷ «ወንድሜን በሽማግሌ ፊት ቃል ልታሳጥፊው ነው?» ብላ ዘጋቻት። ኒካሁ ለሚቀጥለው ሳምንት አርብ ተቆረጠ። ይኸው ዛሬ ረቡዕ ሆነ፤ ሁለት ቀን ብቻ ቀራት።

*

አዳራሹ በሰውና በሙቀት ታፍኗል። ሴቶች በግራ፣ ወንዶች በቀኝ ተቀምጠዋል። ነጩ ግድግዳ ላይ ፕሮጀክተሩ ያሳረፈው ረጅም ሮኬት ከጎኑ ጭስ የመሰለ ነገር ይተነፍሳል። ያሕያ ማይክራፎን ይዞ ያስረዳ ነበር። ሩዋይዳ ከአክስቷ ጋር ስትገባ ዓይኑ እሷ ላይ አረፈና የጀመረውን ዐረፍተ ነገር ሳይጨርስ ቀረ። ከስቷል፤ የሸሚዙ ኮሌታ አንገቱ ላይ ሰፍቶታል። ወዲያው ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ፤ ዳግም ወደ ግራ አልዞረም። እሷም የከሳው በእሷ ምክንያት መሆኑን አውቃ ደስም አላት፣ አመማትም።

ሐጂ ሙሳ የክብር እንግዳ ሆነው ከፊት ተቀምጠዋል።

«የመንግሥት ናት?» ሲሉ ጠየቁ።

«የአንድ የግል ኩባንያ ናት፣ ሐጂ። ጭነት አመላላሽ ናት። እዚያ ላይ ለሚኖሩት ሰዎች ምግብ፣ ልብስ፣ ዕቃ ታደርሳለች። የእኛም ማሾ ከዕቃው ጋር አለ።»

«ስንት ኩንታል ትጭናለች?»

«ሠላሳ ኩንታል ገደማ።»

«ይሄ ሁሉ እሳት ለሠላሳ ኩንታል!» አሉ ሐጂ ሙሳ። «የኔ አይሱዙ ከዚህ የበለጠ ይጭናል።» አዳራሹ ሳቀ።

ከድምፅ ማጉያው አንድ ሰው ሲጠይቅ፣ ሌሎች በየተራ ሲመልሱ ይሰማ ጀመር። ሐጂ ሙሳ ጆሯቸውን አቀኑ። «ምንድን ነው የሚጠያየቁት?»

«ከመነሳቷ በፊት አለቃው ሁሉንም ይጠይቃል» አለ ያሕያ። «ነዳጁን የያዘውን፣ አየሩን የሚያየውን፣ ጭነቱን የሚጠብቀውን። እያንዳንዱ በአፉ ይመልሳል።»

«ዝም ያለ ሰው ቢኖርስ?»

«እንደገና ይጠይቁታል፣ ሐጂ። በዝምታ አያስነሷትም።»

ሆን ብሎ አይደለም የተናገረው። ሩዋይዳ ግን ጉንጯ ሲግል ታወቃት። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ የእኔ ጥፋት ነው፣ ከእንግዲህ አይመለስም ስትል የከረመችው ነገር በአንድ ጊዜ ቀለል ብሎ ታያት።

ከጠያቂው ድምፅ በኋላ አንድ አጭር መልስ ተሰማ። ወዲያው ግድግዳው ላይ ወደ ኋላ ይቆጥር የነበረው ሰዓት ቆመ።

«ምን አለ?» አሉ ሐጂ ሙሳ።

«አይሆንም አለ። ከላይ ነፋሱ በርትቷል።»

«አንድ ሰው ነው ይሄን ሁሉ ያስቆመ?»

«አንድ ሰው ነው።»

«አልተቆጡትም?»

«አመሰገኑት።»

የጠፈር ጣቢያዋ ሮኬቷ ከቆመችበት በላይ የምታልፍበት ቅጽበት አንዴ ካመለጠ እስከ ነገ እንደማይገኝ ያሕያ አስረዳ። ነገ ለአሥራ አንድ ሰዓት ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ትነሳለች። ሕዝቡ እያጉረመረመ ወጣ። ሩዋይዳ ብቻ በሆነው ነገር ምንም አልከፋትም፤ ያን ስሙን የማታውቀውን የነፋስ ሰውዬ ብታገኘው እጁን ትስመው ነበር።

*

አክስት መሪያም የሙሽራ ጣጣ አለብኝ ብላ በባጃጅ ቀደመች። ሩዋይዳ ከአባቷ ጋር በአይሱዙው ጋቢና ተሳፈረች። ገና ዋናው መንገድ ላይ ሳይወጡ «አባ፣ መኪናውን ያቁሙልኝ» አለች።

«አመመሽ?»

«አላመመኝም። ልናገር ነው።»

ሐጂ ሙሳ ዳር ይዘው አቆሙ። ነገረቻቸው። ስለ ደብዳቤዎቹ፣ ሐሙስ ስለጠበቀቻቸው ሽማግሎች፣ ለምን ዝም እንዳለች፣ አንድም ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ከአጠገባቸው ተሳቢዎች እያጓሩ ያልፋሉ።

«ማን ነው ብለሽ ለምን አልጠየቅሽኝም?» አሉ በመጨረሻ።

«አንቱስ እገሌ ነው ብለው ለምን አልነገሩኝም?»

ሐጂ ሙሳ መሪውን ጨበጡት። «የሸማኔ ልጅ» አሉ ቆይተው፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው።

«ለዒድ የሚለብሱትን ጋቢ ማን ሠራው፣ አባ?»

«አንደበትሽን ሰብስቢ!» ጮሁባት። «ቃል ሰጥቻለሁ። በሽማግሌ ፊት ሰጥቻለሁ! አርብ ልታዋርጂኝ ነው?»

«አርብ ሲጠይቁኝ ዝም አልልም። እንዳላዋርድዎት ነው ዛሬ የምነግርዎት።»

ሐጂ ሙሳ ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። በኋላ ረጋ ባለ፣ ከጩኸቱ ይልቅ በሚያስፈራ ድምፅ ተናገሩ። «ቃሌን እኔ አላጥፍም። የሰጠሁት ለሱፍዋን ነው፤ ሊመልስልኝ የሚችለውም እሱ ብቻ ነው። ነገ ጠዋት ልብስ ይዞ ይመጣል። ድፍረቱ ካለሽ ለራሱ ንገሪው። እምቢ ካለ አርብ ኒካህ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አንዲት ቃል አልሰማም።»

«እሺ» አለች ሩዋይዳ።

ከመግሪብ በኋላ ለያሕያ ልትጽፍ ወረቀት አወጣች። ስሙን ከጻፈች በኋላ ብዕሯን አስቀመጠች። የሌላ ሰው ቃል በላይዋ እያለ ለእሱ መጻፍ ለሱፍዋንም ለያሕያም ክብር አይሆንም። ወረቀቱን አጣጥፋ አስቀመጠችው፤ ናፍቆቱ ግን ሊታጠፍ እምቢ አለ።

*

ሱፍዋን ሐሙስ ጠዋት ሻንጣ ይዞ መጣ። አክስት መሪያም እንደ ወጉ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ሩዋይዳ ከፊት ለፊቱ ተቀምጣ፣ ቃል ሳታሳምር፣ ያለውን ሁሉ ነገረችው።

ሱፍዋን አላቋረጣትም። ስትጨርስ «ጠልተሽኝ ነው?» አላት።

«ወላሂ አልጠላሁዎትም። ያን ቀን ስምዎን ብሰማ ኖሮ ግን እምቢ እል ነበር። ዝም ያልኩት ለሌላ ሰው ነው።»

«ሽማግሎቼ ተመልሰው ‹ዝም አለች› ሲሉኝ...» ሱፍዋን ሻንጣውን በእግሩ ወደ ጎን ገፋ አደረገ። «ሱቄ ከተቃጠለ ወዲህ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። ማታውን ሙሉ ስለዚያች ዝምታ ሳስብ አደርኩ። ለካ የኔ አልነበረችም።»

ሩዋይዳ ዓይኗን ልትሰብር ፈለገች፤ አልሰበረችም። ቢያንስ ይህን ያህል ይገባዋል ብላ ቀጥ ብላ አየችው። «ይቅር ይበሉኝ» አለች።

«መልሴን ለሐጂ እሰጣለሁ» ብሎ ተነሳ። ሻንጣውን ሳያነሳ ወጣ። መተዉ ይሁን መርሳቱ አልታወቀም።

«ምን ዓይነት ደረቅ ልጅ ነሽ!» አለች አክስት መሪያም። ቁጣ መስሏት ስትዞር አክስቷ እያለቀሰች ነበር። «እኔን ሲጠይቁኝ ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ባሌ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ፈርቼ ነው።»

ሩዋይዳ አጠገቧ ሄዳ ቁጭ አለች። አክስቷን ሕይወቷን ሙሉ ታውቃታለች፤ የወደደቻት ግን ያን ጠዋት ነበር።

*

አዳራሹ እንደ ትናንቱ አልሞላም። የአስር ሶላት ተሰግዶ ሰው ገባ፤ ሐጂ ሙሳ ከፊት ተቀመጡ፤ አጠገባቸው ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ሩዋይዳ በሩን በሩን ስታይ የአለቃው ጥያቄ ተጀመረ። ዛሬ ሁሉም በየተራ ዝግጁ ነኝ አሉ፤ የነፋሱም ሰው። ያሕያ ወደ አማርኛ ሲመልስ ድምፁ ደከም ይላል። ዘሩ ሊሄድለት ነው፣ የሁለት ዓመት ድካሙ ሊሳካ ነው፤ ፊቱ ላይ ግን የደስታ ምልክት አልነበረም።

አንድ ደቂቃ ሲቀር ሱፍዋን ገባ። ማንንም ሳያይ በወንዶቹ በኩል አልፎ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ተማሪዎቹ ተነስተው በአንድ ድምፅ ወደ ኋላ መቁጠር ጀመሩ። አሥር፣ ዘጠኝ፣ ስምንት። ሩዋይዳ የአክስቷን እጅ ያዘች። ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። ግድግዳው በነጭ ብርሃን ተሞላ፤ ድምፅ ማጉያዎቹ አጓሩ፤ ሮኬቷ መጀመሪያ ከብዷት፣ ከዚያ እየፈጠነች ተነሳች። «አላሁ አክበር!» አለ አንድ ሽማግሌ። ሕዝቡ በሙሉ ወደ ላይ አንጋጠጠ።

ሩዋይዳ ማሾዋ ሲሄድ አላየችውም። ያየችው ሱፍዋን ወደ አባቷ ጆሮ ጎንበስ ሲል ነው። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ጩኸቱ አንዲት ቃል አላሳለፈም። አባቷ አንድ ጊዜ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። እንደገና ነቀነቁ። ከዚያ የሱፍዋንን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ። መጽናኛ ይሁን ስምምነት ከፊታቸው ሊነበብ አልቻለም።

ሱፍዋን ተነሳ። ሲወጣ በሴቶቹ በኩል አለፈ፤ ሩዋይዳን አላያትም። «እትዬ መሪያም» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሻንጣዬን ሰው ልኬ አስወስዳለሁ።» ይህን ብሎ ወደ ፀሐዩ ወጣ። ሩዋይዳ ነፃ መውጣቷ ገባት፤ ደስታዋ ግን የዚያን ሰው ጀርባ እያየች ሙሉ ሊሆን አልቻለም።

ጭነቱ ከሮኬቱ ተለይቶ መንገዱን እንደያዘ ሲነገር ተማሪዎቹ ጨፈሩ። ሐጂ ሙሳ በጭፈራው መሃል ወደ ያሕያ ሄዱ። «መምህር» አሉት፣ «ሽማግሎችህን መልሰህ ላክ።»

ያሕያ የሰማውን አላመነም። «ሐጂ፣ ለሌላ ሰው ፈቅዳለች ብለው...»

«ስም ሳልጠራ ጠየቅኳት። የአንተ ሽማግሎች መስለዋት ዝም አለች።» ሐጂ ሙሳ ላባቸውን ጠረጉ። «ስህተቱ የእኔ ነው። የእሷም ነው። መንገድ የዘጋው ተሳቢም አለበት። እንግዲህ እንደገና እጠይቃለሁ።»

ወደ ሴቶቹ ዞሩ። ጭፈራው ለምን እንደሆነ ሳይታወቅ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ። ሐጂ ሙሳ ጆሯቸው ድረስ ቀልተው ነበር፤ ድምፃቸው ግን አልተዛነፈም።

«ሩዋይዳ! የያሕያ ሷሊሕ ሽማግሎች ቤቴ ቢመጡ ምን ትያለሽ?»

ሩዋይዳ ተነሳች። አንድ ሙሉ አዳራሽ ሰው ያያታል። አንገቷን ግን አልደፋችም።

«እሺ እላለሁ!» አለች። «ያሕያን ነው የምፈልገው! እሱን እንጂ ሌላ ሰው አላገባም!»

ያሰበችው በልክ ልትናገር ነበር፤ የወጣላት ግን ጩኸት ሆነ።

«ሰምተናል፣ ልጄ» አሉ ሐጂ ሙሳ። «ጀውሃ ድረስ ተሰምቷል።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። አክስት መሪያም እልልታውን አቀለጠችው። ያሕያ ብቻ አልሳቀም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ትከሻው ይርገፈገፍ ነበር። ሴቶቹ ተቀመጪ እያሉ ቀሚሷን ጎተቱ። ሩዋይዳ አልተቀመጠችም፤ ዓይኗን ሳትነቅል፣ እስኪዞር ድረስ ቆማ ጠበቀችው።